«ጊዲ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታሪክና ለክፍል ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

የታሪክ ትምህርት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጡት ነገሥታት፣ ጦርነቶች፣ የውል ስምምነቶችና የዘመን ቁጥሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ታሪክ የሚከማችበት ሌላም ጎተራ አለ፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ሰዎች በየዘመናቸው ያመኑበትን፣ የፈሩትንና የናቁትን ነገር በቃላት ውስጥ ትተውት ያልፋሉ። ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የቃሉ ድምፅ ብዙም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ከስፍራው ይርቃል። ይህ ጽሑፍ የአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጉዞ ምን ሊያስተምረን እንደሚችል ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ቃሉ «ጊዲ» ነው። ተማሪው መዝገበ ቃላት ገልጦ ይህን ቃል ሲፈልግ ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ፍቺዎች ያጋጥሙታል። በአንድ በኩል ራሱን የሚያዞረው፣ ዓይኑ የሚዋልልበት፣ ለመውደቅ የደረሰ ሰው ይባላል። በሌላ በኩል ቁም ነገር የማያውቅ፣ ቅብጥብጥ፣ ዛሬ ይህን ነገ ያን የሚል ወላዋይ ሰው ይባላል። የመጀመሪያው የሰውነት ሁኔታ ነው፤ ሁለተኛው የጠባይ ነቀፌታ ነው። ብዙው ተማሪ ቀድሞ ያየውን ፍቺ በደብተሩ ገልብጦ ያልፋል። ጠያቂ ተማሪ ግን «መምህር፣ ሕመምና ቅብጠት እንዴት በአንድ ቃል ይጠራሉ?» ብሎ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው መልስ አለው፤ መልሱም ያለው በታሪክ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ሥር

እንግሊዝኛ ከጀርመንኛ፣ ከደችኛ፣ ከስዊድንኛና ከዴንማርክኛ ጋር አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ነው። ከ5ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 1100 ዓ.ም. አካባቢ በእንግሊዝ አገር ይነገር የነበረውን ቋንቋ ሊቃውንት ጥንታዊ እንግሊዝኛ ይሉታል። በዚያ ዘመን ቃላችን «ጊዲግ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ትርጉሙም የዛሬው አልነበረም፤ እብድ፣ አእምሮውን የሳተ፣ መንፈስ የያዘው ማለት ነበር።

ቃሉን ብንፈታው ሁለት ክፍሎች እናገኝበታለን። የመጀመሪያው በጥንቱ የጀርመናውያን ቋንቋ አምላክ ማለት የነበረው «ጉድ» የሚለው ሥር ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ አምላክ «ጎድ» የሚባለው ከዚሁ ሥር ወጥቶ ነው። ሁለተኛው ክፍል «ኢግ» የሚለው ቅጥያ ሲሆን «ያለበት» ወይም «ያደረበት» የሚል ስሜት ይሰጣል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «ጊዲግ» ማለት «አምላክ ያደረበት» ማለት ይሆናል።

«ጉድ» የነበረው እንዴት «ጊድ» ሆነ? ይህ የሆነው በአጋጣሚ ሳይሆን በሕግ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ በቅጥያው ውስጥ ያለው የ«ኢ» ድምፅ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ወደ ራሱ ይስብ ነበር። ለዚህም ምስክር የሚሆኑ ተማሪዎች የሚያውቋቸው ቃላት አሉ። ወርቅ «ጎልድ» ሲባል በወርቅ መለበጥ «ጊልድ» ይባላል፤ ሙሉ «ፉል» ሲባል መሙላት «ፊል» ይባላል። «ጎድ» እና «ጊዲ»ም የተለያዩት በዚሁ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የጥንቱ «ጉድ» በድምፁ ከእኛው «ጉድ» ጋር ስለሚመሳሰል ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የአማርኛው ቃል ከሴማዊ ቋንቋዎች ወገን በሆነ ቋንቋ ውስጥ የኖረ ሲሆን የጀርመናውያኑ ቃል ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ነው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። የቃላትን ዝምድና ለመናገር በብዙ ቃላት ላይ የሚደጋገም የድምፅ ሕግና የጽሑፍ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ከ«ጊዲግ» ጎን የሚቆም «ኢልፊግ» የሚባል ሌላ ጥንታዊ ቃልም ነበር። የተሠራውም በዚያው ቅጥያ ነው። ጀርመናውያን ሕዝቦች ሰውን ሊጎዱ ይችላሉ ብለው የሚያምኑባቸው «ኤልፍ» የሚባሉ ረቂቅ ፍጥረታት ነበሩ፤ «ኢልፊግ» ማለትም በእነዚህ ፍጥረታት የተያዘ ማለት ነበር። ከሮማው ጳጳስ ከቀዳማዊ ጎርጎርዮስ የተላኩት መነኮሳት ኬንት ወደሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ የደረሱት በ597 ነው። ከዚያ ወዲህ «ጎድ» የሚለው ቃል የክርስቲያኖች አምላክ መጠሪያ ሆነ። እብደትን «አምላክ ያደረበት» ብሎ የሚሰይም ቃል የተፈጠረው ግን አማልክት ብዙ በነበሩበት በቀደመው ዘመን ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ በዚህች አጭር ቃል ውስጥ አንድ የጠፋ እምነት ተቀብሮ እናገኛለን።

ይህ አስተሳሰብ የእንግሊዞች ብቻ አልነበረም። በዐረብኛ እብድን የሚያመለክተው «መጅኑን» የሚለው ቃል «ጅን» ከሚለው የተገኘ ሲሆን ጅን የያዘው እንደ ማለት ነው። በእኛም አገር «ጋኔን ይዞታል»፣ «ዛር አለበት» የሚለው አነጋገር በሰፊው የታወቀ ነው። ግሪኮችም «አምላክ በውስጡ ያለበት» ለማለት «ኤንቴዎስ» ይሉ ነበር፤ የእንግሊዝኛው «ኢንቱዚያዝም» የመጣው ከዚህ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች «ኢንቱዚያዝም» ሲሉ የሃይማኖት አክራሪነትን መንቀፋቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ቃሉ ለሥራ መነሣሣትን የሚያመለክት ምስጋና ሆኗል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ዓይነት ሐሳብ ተነሥተው አንደኛው ሲከበር ሌላው ተዋረደ።

ከእብደት ወደ ማዞር

በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቋንቋው እጅግ ተለወጠ። ሊቃውንት መካከለኛ እንግሊዝኛ በሚሉት በዚህ ዘመን «ጊዲ» ክብደቱ እየቀለለ ሄደ፤ ከእብድ ወደ ሞኝና አስተዋይነት ወደጎደለው ሰው ወረደ። በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ራሱ የሚዞርበትን ሰው ማመልከት ጀመረ። በዚያው መቶ ዘመን የወላዋይነትና የቅብጥብጥነት ፍቺውም ጎላ።

ሐሳቡ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደ ተሸጋገረ መገመት አያዳግትም። አእምሮውን የሳተ ሰው በአንድ ስፍራ አይረጋም፤ ይንገዳገዳል፤ ይዞራል። ራሱ የዞረበት ሰውም እንደዚሁ ነው። ልቡ በአንድ ነገር የማይጸና ሰውም በምሳሌ አነጋገር ራሱ እንደ ዞረበት ሊቆጠር ይችላል። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው አለመርጋት ነው።

አማርኛችንም ከዚህ የራቀ አይደለም። «ራሴን አዞረኝ» ስንል የሰውነት ሁኔታን መናገራችን ነው። «ሹመት ራሱን አዞረው» ስንል ግን ስለ ጠባይ ነው የምንናገረው። ሆኖም ቁም ነገር የጎደለውን ሰው የምንነቅፍበት ሌላም መንገድ አለን፤ «ቀላል ሰው» እንላለን። እንግሊዙ በመዞር የመሰለውን እኛ በክብደት ማነስ መሰልነው ማለት ነው።

«ጊዲ» ብቻዋን አልተጓዘችም። ዛሬ የማዞር ስሜትን የሚያመለክተው «ዲዚ» የሚለው ቃል በጥንታዊ እንግሊዝኛ ሞኝ ማለት ነበር፤ ወደ ራስ ማዞር የተሸጋገረው በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ ጅል የሚል ፍቺ ያለው «ሲሊ» ደግሞ በጥንት ጊዜ ደስተኛና የተባረከ ማለት ነበር። ከዚያም የዋህ፣ ቀጥሎ የሚታዘንለት ምስኪን፣ በመጨረሻም ጅል ሆነ። የዋህነትን የሚያመሰግነው ዘመን አልፎ በየዋህ የሚሳለቀው ዘመን ሲመጣ ቃሉም አብሮ ወረደ።

የቦታ ስምም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። በ1247 ለንደን ውስጥ በቤተልሔም ስም አንድ የገዳም ቤት ተመሠረተ። በ1403 በተደረገ ምርመራ የአእምሮ ሕመምተኞች በውስጡ ይኖሩ እንደ ነበር ተመዝግቧል። የለንደን ሕዝብ የቤቱን ስም አሳጥሮ «ቤድላም» አለው። ዛሬ «ቤድላም» ማለት ጫጫታና ሁከት ማለት ነው። የጌታ ልደት የተፈጸመባት ከተማ ስም በሕመምተኞች ጩኸት በኩል አልፎ የረብሻ መጠሪያ ሆነ። ልብ ልንለው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ የአንዱ ሰው ሥቃይ በሌላው አፍ ቀልድ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሞችና እረኞች

ሕመምን ለመንፈስ የመስጠቱ ልማድ ተቃዋሚ ያልነበረው አይምሰለን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ400 ዓመት አካባቢ በሂፖክራቲስ ስም ከሚጠሩት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች አንዱ፣ ሰዎች ቅዱስ በሽታ ስለሚሉት የሚጥል በሽታ ሲናገር፣ በሽታው ከሌሎች በሽታዎች ይበልጥ ቅዱስ እንዳልሆነና መነሻውም አንጎል እንደ ሆነ አስረድቷል።

የራስ ማዞር መንሥኤ ግን ለረጅም ጊዜ በትክክል አልታወቀም ነበር። ብዙ ሐኪሞች ድንገተኛ ማዞርን ደም በአንጎል ውስጥ ከመብዛቱ የሚመጣ ነው ይሉ ነበር። በ1861 ፕሮስፐር ሜኒየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከጆሮ መጮህና ከመስማት ችግር ጋር የሚመጣ ማዞር መነሻው የውስጠኛው ጆሮ ሊሆን እንደሚችል በፓሪስ አስታወቀ። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። ራሳችንን ስናንቀሳቅስ ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልም ከዚህ ተነሥቶ ወዴት እንደ ዞርን ያውቃል። ሕፃናት በጨዋታ ብዙ ዞረው ድንገት ሲቆሙ ምድር የምትዞር የሚመስላቸው ሰውነታቸው ቆሞ ፈሳሹ ስላልቆመ ነው። ሮበርት ባራኒ የተባለው የቪየና ሐኪም ስለዚህ አካል ላደረገው ምርምር የ1914 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። እነሆ፣ ቀድሞ ለአምላክ ተሰጥቶ የነበረው ሁኔታ በዚህ መንገድ ወደ ጆሮ ቦይ ወረደ።

ለገጠር ተማሪዎቻችን ይበልጥ የሚቀርብ ማስረጃ ደግሞ ከእረኞች ዘንድ ይገኛል። የእንግሊዝ እረኞች አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ስፍራ የሚሽከረከር በግ ሲያዩ በሽታውን «ጊድ» አሉት፤ ስሙም የወጣው «ጊዲ» ከሚለው ነው። በአገራችን ደጋማ ስፍራዎች የሚኖሩ ገበሬዎች ይህንኑ በሽታ «አዙሪት» ይሉታል። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሕዝቦች አንዱን በሽታ ከአንድ ምልክት ተነሥተው ሰየሙት። መንሥኤው የውሻ ኮሶ ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከውሻ ዐይነ ምድር ጋር በሣር ላይ ይቀራል፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ እጩ ትሉም በአንጎሉ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሠርቶ ያድጋል። የሞተ በግ ራስ ለውሻ ከተጣለ ትሉ ወደ ውሻው ይመለስና ዑደቱ ይቀጥላል። ስለዚህ የበጉን ራስ ለውሻ አለመስጠት፣ ይልቁንም ማቃጠል ወይም በጥልቀት መቅበር አንዱ መከላከያ ነው። በጉን ማንም «ቀበጥ» አይለውም፤ ታሟል ይባላል።

ሕዝብን «ራሱ ዞሯል» ማለት

ለሰው ልጅ ግን ቃሉ እንዲህ አልራራለትም። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ገዥዎችና ጸሐፊዎች ተራውን ሕዝብ «ጊዲ» ብለው መጥራት ለመዱ። ሕዝብ የማይረጋ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚከተል፣ ለራሱ የማያውቅ መንጋ ነው ማለታቸው ነበር። ሼክስፒር በ1590ዎቹ መጨረሻ በጻፈው «ሄንሪ አራተኛ» በተሰኘው ተውኔት ሁለተኛ ክፍል፣ ለሞት የተቃረበው ንጉሥ ልጁን ሲመክር ያልረጋውን የሰዎች ልብ በዚሁ ቃል ይጠራዋል፤ መድኃኒቱም በውጭ አገር ጦርነት ማጥመድ መሆኑን ይነግረዋል። የታሪክ መምህር ይህን ምክር ለክፍል ውይይት ቢያቀርበው ከአንድ ምዕራፍ የበለጠ ትምህርት ያገኝበታል።

ቃሉ ባሕር ተሻግሮም አገልግሏል። ቨርጂኒያ በምትባለው የሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በ17ኛው መቶ ዘመን ባለ ትምባሆ እርሻዎቹ ጥቂት ባለጸጎች ነበሩ። ከእነርሱ በታች በውል የታሰሩ እንግሊዛውያን አገልጋዮች፣ መሬት ያጡ ነፃ ድሆችና ከአፍሪካ የተወሰዱ ባሮች ይኖሩ ነበር። ባለጸጎቹ ይህን የታችኛውን ሕዝብ የሚፈሩትና የሚንቁት ራሱ የዞረበት ብዙኅን፣ ማለትም «ጊዲ» ሕዝብ እያሉ ነበር። በ1676 በናትናኤል ቤከን መሪነት በአገረ ገዥው በዊልያም በርክሌይ ላይ ዐመፅ ተነሣ፤ ዋና ከተማዋ ጄምስታውንም ተቃጠለች።

ዐመፁን ንጹሕ የነፃነት ትግል ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም፤ የቤከን ተከታዮች ከቅኝ ግዛቷ ጋር በሰላም በሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች ላይም ዘምተዋል። ይሁን እንጂ የግብር ክብደት፣ የትምባሆ ዋጋ መውደቅና የመሬት ዕጦት እውነተኛ ምክንያቶች ነበሩ። ነጭ አገልጋዮችና ጥቁር ባሮች እስከ መጨረሻው አብረው መሣሪያ ይዘው መገኘታቸውም በታሪክ ተመዝግቧል። ሰው የሚያማርርበት ምክንያት ሲኖረው «ራሱ ዞሯል» ማለት ምክንያቱን ከመስማት ያድናል። የዚህ ቃል ዋናው የፖለቲካ አገልግሎት ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በተከተሉት ዘመናት ደግሞ ቃሉ በተለይ በወጣት ሴቶች ላይ ተለጠፈ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝኛ በተጻፉ ልብ ወለዶች ውስጥ የምትስቅ፣ ጭፈራ የምትወድ፣ ምክር የማትሰማ ልጃገረድ «ጊዲ» ትባላለች። ቃሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከገዥ ወደ ተገዥ፣ ከአዋቂ ወደ ልጅ ይወረወራል። በተቃራኒው አቅጣጫ ሲሄድ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

ለክፍል ትምህርት

እንግዲህ መምህራን ከዚህ ምን እንወስዳለን? አንደኛ፣ የመዝገበ ቃላት አጠቃቀምን ይመለከታል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ለ«ጊዲ» የማዞርን ፍቺ አስቀድሟል። ከ1884 እስከ 1928 በየክፍሉ የታተመው ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን ፍቺዎችን በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ይደረድራል። ለተማሪ የሚዘጋጁ ብዙ መዛግብት ዛሬ የሚዘወተረውን ያስቀድማሉ። ስለዚህ ተማሪው የያዘው መጽሐፍ በየትኛው መንገድ እንደ ተዘጋጀ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛ፣ የጥንት ሰነድ ስናነብ ቃሉን በዛሬው ፍቺ ከመረዳት መጠንቀቅ ይገባናል። በመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ «ጊዲ» የተባለውን ሰው የዛሬ አንባቢ ራሱን ያዞረው መስሎት ሊያዝንለት ይችላል፤ ጸሐፊው ግን ሞኝ ማለቱ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ለግዕዝና ለጥንታዊ አማርኛ ጽሑፎችም ይሠራል።

ለተግባር የሚሆን አንድ ልምምድ እንጠቁም። ተማሪዎች በቡድን ሆነው በአካባቢያቸው ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ ስለ ራስ ማዞር፣ ስለ እብደትና ስለ ቅብጠት የሚነገሩ ቃላትን ከአረጋውያን ጠይቀው ይሰብስቡ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ፦ ቃሉ የተነሣው ከየትኛው የሚታይ ነገር ነው? ማን ስለ ማን ይናገረዋል? ትልልቆቹ የሚያውቁት ወጣቶቹ ግን የረሱት ፍቺ አለውን?

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር የራሳችንን ምላስና ብዕር ይመለከታል። መምህር በየቀኑ ስለ ተማሪ ቃል ይናገራል፤ በሪፖርት ካርድም ላይ ይጽፋል። በትምህርት ሰዓት ዓይኗ የሚንከራተት፣ ሰሌዳውን ስታይ የምትደናገር፣ ስትነሣ የምትንገዳገድ ልጅ በእኛ አፍ «ልቧ ትምህርት ላይ የለም»፣ «ቀበጥ ናት» ልትባል ትችላለች። ቁርስ ሳትበላ ሩቅ መንገድ ተጉዛ ይሆናል። ወባ ይዟት ወይም ደሟ አንሶ ይሆናል። ጆሮዋን ታምማ ወይም የሚጥል በሽታ ኖሮባትም ይሆናል። ሌላ ልጅ ደግሞ በእርግጥ ቅብጥብጥ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን መገሠጽ ተገቢ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ግን የመምህሩ ግዴታ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል አጠቃልሏል፤ እኛ ግን «ያዞራታል» እና «ቀበጥ ናት» የሚሉ የተለያዩ አነጋገሮች አሉን። የትኛው እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ሁለተኛውን ከጻፍን ሕመምን ጥፋት አድርገን መዘገብን ማለት ነው። የሪፖርት ካርዱ ደግሞ እኛ ከረሳነው በኋላም በወላጆቿ ቤት ተቀምጦ ይነበባል። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት ልጅቷን ጠርተን «ምን ሆነሻል? ቁርስ በልተሻል?» ብለን እንጠይቃት።